በጓሮ በር የገባ ውል

ስለ መንግሥት ግዥ በምንማርበት ክፍል የጨረታ ሕግ እንዴት ያለ መሆን እንዳለበት ምሳሌ በተፈለገ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው እንግሊዝ ነው። የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንደሚባክን ምሳሌ በተፈለገ ጊዜ ግን ጣት ወደ አፍሪካ ይቀሰራል። እኛም አንገታችንን ደፍተን ማስታወሻችንን እንጽፋለን። ምሳሌው ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ የእንግሊዝ የግዥ ሕግ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ያ የሚያስቀና ሕግ ምን እንደ ደረሰበት፣ ማንስ ወድቆ እንዳገኘውና እንዳነሣው ለትምህርት ጓደኞቻችን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጨረታ ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። መንግሥት አንድ ዕቃ ሲፈልግ ያስታውቃል፤ ነጋዴዎች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ ያቀርባሉ፤ ፖስታው ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል፤ ያሸነፈው ለምን እንዳሸነፈ፣ የተሸነፈውም ለምን እንደ ተሸነፈ በጽሑፍ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ታዲያ ቤት ሲቃጠል ባልዲ በጨረታ አይገዛምና፣ በ2015 የወጣው የእንግሊዝ የመንግሥት ውሎች ደንብ በ32ኛው አንቀጽ አንድ በር ትቷል። ይኸውም አስቀድሞ ሊታይ የማይችል ከባድ አስቸኳይ ሁኔታ በደረሰ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሳያወጣ ከአንድ አቅራቢ ጋራ በቀጥታ መዋዋል ይችላል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። አንቀጹ ውድድሩን ያስቀራል እንጂ መዝገቡን አያስቀርም፤ አቅራቢዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን የማየትንም ግዴታ አያስቀርም። ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

አስቸኳይ ሁኔታው ሐሰት አልነበረም። በ2020 የጸደይ ወራት በለንደን ከተማ በኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች የሚለብሱት ጋውን አጥተው የቆሻሻ መጣያ ከረጢት ለብሰው ሲሠሩ ታይተዋል። መንግሥት ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ክምችት የተዘጋጀው ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ስለ ነበረ ጋውን የሚባል ነገር አልነበረበትም። ዓለም በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ጓንት፣ ያንኑ ማስክ ፍለጋ ወደ ቻይና ፋብሪካዎች በሮጠ ጊዜ ዋጋው ወደ ሰማይ ወጣ። የእንግሊዝ ጤና ሚኒስቴር ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2020 ድረስ ለ32 ቢሊዮን ልዩ ልዩ የመከላከያ ዕቃዎች 12.5 ቢሊዮን ፓውንድ አውጥቷል፤ በ2019 ዋጋ ቢሆን ኖሮ ያው ዕቃ 2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር የሚፈጀው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለነበረው ሹም ሐዘኔታ ሳይኖረን አንፈርድም። እኛም በቦታው ብንሆን ጨረታ አውጥተን ሦስት ወር እንጠብቅ አንልም ነበር።

መንግሥት ነጋዴው ሁሉ እንዲረዳው ጥሪ ባደረገ ጊዜ ከ15,000 በላይ ለሆኑ አቅራቢዎች በሩ ተጨናነቀ። ከመካከላቸው ከዚህ በፊት ለሆስፒታል ዕቃ ሲያቀርቡ የኖሩ አሉ፤ ማስክ በዓይናቸው አይተው የማያውቁም አሉ። ማንን አስቀድሞ ማነጋገር እንደሚገባ መለየት በእውነት አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለት መስመር ተዘረጋ። አንደኛው ለማንኛውም ሰው የተከፈተው ነው። ሁለተኛው «ቅድሚያ የሚሰጠው መስመር» ተባለ፤ በኋላ ሕዝቡ «የቪ.አይ.ፒ. መስመር» ብሎታል። ለዚህኛው የተለየ የኢሜይል ሣጥን ነበረው፤ የሚኒስትሮች ጽሕፈት ቤቶች፣ የሕዝብ እንደራሴዎች፣ የሎርዶች ምክር ቤት አባሎችና ከፍተኛ የጤና ሹማምንት የሚያውቁትን ነጋዴ ስም የሚልኩት በዚያ ነው። የተሰጠው ምክንያት ከታወቀ ሰው የመጣ ጥቆማ ይበልጥ የሚታመን ነው የሚል ነበር።

ይህንን ለእኛ አገር አንባቢ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ደጅ ጥናት የምንለውን ያውቀዋልና። በምዝገባ ሰሞን ከንጋት ጀምሮ በመስኮቱ ፊት የተሰለፈ ተማሪ፣ አንዱ ዘመድ ያለው በጓሮ በር ገብቶ ወረቀቱን አስፈርሞ ሲወጣ ያየ ተማሪ፣ ነገሩን ከማንም የሕግ ሊቅ ይልቅ ይረዳዋል። በጓሮ የገባው ልጅ ምናልባት ወረቀቱ የተሟላ ይሆናል፤ ምናልባትም ጉቦ የሚባል ነገር በእጁ አልያዘም። ቢሆንም ሰልፉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰልፍ አይደለም።

ብሔራዊው የኦዲት መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት የሁለቱን መስመሮች ውጤት በቁጥር አስቀመጠው። ሒሳብ የማይወዱ ጓደኞቻችን ለአንድ አፍታ ይታገሡን። በቅድሚያው መስመር ከታዩት 493 አቅራቢዎች ውል ያገኙት 47 ናቸው። በተራው መስመር ከታዩት 14,892 አቅራቢዎች ውል ያገኙት 104 ናቸው። እንግዲህ በጓሮ በር ከገቡት ከአሥር አንዱ ያህል ውል ሲያገኝ፣ በፊት በር ከተሰለፉት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በጠቅላላው መንግሥት እስከ ጁላይ 2020 መጨረሻ ድረስ ከወረርሽኙ ጋራ በተያያዘ ከ8,600 በላይ ውሎች ገብቷል፤ ዋጋቸው 18 ቢሊዮን ፓውንድ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 10.5 ቢሊዮኑ ያለ ምንም ውድድር በቀጥታ የተሰጠ ነው።

የመንግሥቱን መልስ አለመናገር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነበር፦ በቅድሚያው መስመር ከመጡት ዘጠኝ እጅ ያህሉ ወድቀዋል፤ የዕቃው ምርመራ በሁለቱም መስመር አንድ ነው፤ ውሉን የሚወስኑት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች እንጂ ሚኒስትሮች አይደሉም። የኦዲት መሥሪያ ቤቱም ራሱ በመረመራቸው ውሎች ሚኒስትሮች በውሳኔው ውስጥ እጃቸውን እንዳገቡ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ይህንን በቅንነት እንቀበለው። ነገር ግን ከተቀበልነው በኋላ ነገሩ እየቀለለ አይሄድም፤ እንዲያውም ይከብዳል። ምክንያቱም በመካከላችን ስለ ሙስና በተነሣ ቁጥር የምናስበው በኤንቬሎፕ ስለሚሰጥ ገንዘብ ነው። እዚህ ግን ኤንቬሎፕ ሳይኖር፣ ሚኒስትሩም ሳይፈርም፣ የሕዝቡ ገንዘብ ሰው ያለው ሰው ወዳለበት ሊፈስ እንደሚችል አየን። ስም ማስተዋወቅ ብቻውን በቂ ሆነ።

የባሰው ደግሞ ያ ስም ከማን እንደ መጣ በደንብ አለመጻፉ ነው። በቅድሚያው መስመር ከገቡት አቅራቢዎች ማን እንደ ጠቆማቸው በመዝገብ የተጻፈላቸው ከግማሽ በታች ናቸው። ፔስትፊክስ የሚባል የተባይ ማጥፊያ ዕቃ አቅራቢ ኩባንያ በቅድሚያው መስመር የገባው በስሕተት መሆኑ በፋይሉ ተመዝግቦ ተገኝቷል። የአቅራቢዎችን የገንዘብ አቅምና ማንነት የሚያጣራው ባለ ስምንት ደረጃ አሠራር በአንድ ወጥ ሥርዓት ከመደራጀቱ በፊት ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያወጡ 71 ውሎች ተፈርመው አልቀው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት በእንግሊዝ አገር ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ሥራው ግን ነበረ።

ለምሳሌ ያህል የአያንዳን ነገር እንመልከት። አያንዳ ካፒታል የገንዘብ ሥራ ኩባንያ ነው፤ በኤፕሪል 2020 የ252 ሚሊዮን ፓውንድ የማስክ ውል ተሰጠው። ከመጡት ማስኮች ውስጥ 50 ሚሊዮኑ በጆሮ የሚንጠለጠሉ እንጂ በራስ ዙሪያ የሚታሰሩ አልነበሩም። በጆሮ የሚንጠለጠል ማስክ ፊት ላይ አጥብቆ ላይገጥም ይችላልና ሚኒስቴሩ ለሆስፒታል ሥራ አልጠቀምበትም አለ። ኩባንያው ያቀረብኩት ውሉ የጠየቀውን ነው ብሎ መልሷል፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ ምን መጠየቅ እንዳለበት ሳያውቅ የገዛው ነው ማለት ነው።

በጁን 2022 የፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት፣ ሚኒስቴሩ በመጀመሪያው ዓመት ለመከላከያ ዕቃ ካወጣው 12 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ ሦስት አራተኛው በተጋነነ ዋጋና ለሥራ በማይበቃ ዕቃ ምክንያት ጠፍቷል ብሏል። 4 ቢሊዮን ፓውንድ የወጣበት ዕቃ ለሆስፒታል የማይሆን በመሆኑ መወገድ ነበረበት፤ ከዚህም ብዙው ለኤሌክትሪክ ኃይል እንዲቃጠል ታቀደ። ነርስ ከረጢት ለብሳ ከሠራች በኋላ ጋውን በክምር ሲቃጠል ማየት፣ እንግዲህ ምን ይባላል።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? በራሱ አልታወቀም። ሕጉ አንድ ውል በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ዝርዝሩ ለሕዝብ እንዲታተም ያዛል። ነገር ግን እስከ ጁላይ 2020 መጨረሻ ከተፈረሙት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ከሚያወጡት 1,644 ውሎች ውስጥ ከግማሽ በላዩ በኖቬምበር እንኳ ገና አልታተመም ነበር። ጉድ ሎው ፕሮጀክት የሚባል የሕግ ማኅበር በዚህ ጉዳይ ክስ መሠረተ። በፌብሩዋሪ 2021 ዳኛ ቻምበርሌይን በዚያን ጊዜ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማት ሃንኮክ ውሎቹን በጊዜው ባለማሳተማቸው ከሕግ ውጭ ሠርተዋል ሲሉ ፈረዱ። ሕዝቡ ይህ ብዙ ገንዘብ ለማን እንደሚከፈል ማየት ይገባዋል የሚል ነበር የዳኛው ሐሳብ። ይህንን ፍርድ በቴክኒክ ጉዳይ የተሰጠ አድርገው የሚያቃልሉት አሉ። እኛ ግን የተለየ አስተያየት አለን። ጨረታው በሌለበት ጊዜ ከሕዝቡ እጅ የሚቀረው ብቸኛው መቆጣጠሪያ ያ ማስታወቂያ ነው። ውድድሩን አስቀርቶ ማስታወቂያውንም ማስቀረት ማለት መብራቱን አጥፍቶ ግምጃ ቤቱን መክፈት ነው።

በቅድሚያው መስመር ውል ያገኙት ኩባንያዎች ስምና የጠቋሚዎቻቸው ስም እንኳ በኖቬምበር 2021 ነው የወጣው፤ ያውም የመረጃ ኮሚሽነሩ እንዲወጣ ካዘዘ በኋላ። ወረርሽኙ ከገባ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር ማለት ነው።

በጃኑዋሪ 2022 ደግሞ ዋናው ፍርድ መጣ። የዚያው ማኅበርና ኤቭሪዶክተር የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ባቀረቡት ክስ ዳኛ ኦፋረል ቅድሚያ የሚሰጠው መስመር አሠራሩ ከሕግ ውጭ ነው፤ ነጋዴዎችን በእኩል የማየትን ግዴታ ጥሷል ብለው ወሰኑ። መስመሩ ቅድሚያ የሰጠው በዕቃው ጥራትና ብዛት መለኪያ ሳይሆን በጠቋሚው ማንነት ነውና። ይህን የሰማ ተማሪ እጁን ሊያጨበጭብ ይነሣል፤ ነገር ግን ይቀመጥ። ዳኛዋ አክለው በክሱ የተነሡት ኩባንያዎች ያቀረቡት ዕቃ ብዛቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ ያለዚያም መስመር ቢሆን ቅድሚያ ማግኘታቸው የማይቀር ነበር አሉ፤ ስለዚህም ውሎቹ አልተነኩም። ሕገ ወጥ ነው ተባለ፤ ገንዘቡም እንደ ተከፈለ ቀረ። የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንደሚነግሩን ይህ በሕግ አካሄድ ትክክል ነው። ትክክል ሲሆንም ሆድ ይቆርጣል።

ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት የእንግሊዝ ቅርንጫፍ በሴፕቴምበር 2024 ባወጣው ጥናት 15.3 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያወጡ 135 ውሎች ሦስትና ከሦስት በላይ የአደጋ ምልክት እንዳላቸው ቈጥሯል። 4.1 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያወጡ 28 ውሎች በዚያን ጊዜ ከነበረው ገዥ ፓርቲ ጋራ ግንኙነት እንዳላቸው ለታወቁ ወገኖች መሰጠታቸውንም ጨምሮ ገልጿል። የአደጋ ምልክት ወንጀል ማለት አይደለም። ዶክተር ትኩሳት ሲያይ ደም እንደሚመረምር፣ ኦዲተርም እዚያ ላይ ቆሞ መመርመር አለበት ማለት ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚያወራበት ወደ ፒ.ፒ.ኢ. ሜድፕሮ ጉዳይ እንመጣለን። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከፊተኛው በር እስከ ጓሮው ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ያሳያል።

ባሮነስ ሚሼል ሞን የውስጥ ልብስ ንግድ በማቋቋም የታወቁ ሴት ሲሆኑ በ2015 የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆኑ። በሜይ 2020 ለሚኒስትሮች የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ እንደሚቻል በመጻፍ ነገሩን አስተዋወቁ። ኩባንያው ራሱ የተመዘገበው በዚያው ወር በ12ኛው ቀን ነው፤ ከጥቆማው በኋላ ማለት ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሁለት ውል አገኘ፤ አንዱ ወደ 81 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የማስክ ውል፣ ሁለተኛው የ25 ሚሊዮን የቀዶ ጥገና ጋውን ውል በ122 ሚሊዮን ፓውንድ። ከዚህ በፊት አንዲት ጋውን ሸጦ የማያውቅ፣ ዕድሜው በሳምንት የሚቈጠር ኩባንያ ነው።

ባሮነስ ሞን ለብዙ ጊዜ በጠበቆቻቸው በኩል ከኩባንያው ጋራ የሚያገናኘኝ ጥቅም የለም ሲሉ ቆዩ። ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ነገሩን እየተከታተለ አወጣው። በዲሴምበር 2022 ከምክር ቤቱ ፈቃድ ወሰዱ። በዲሴምበር 2023 ከባለቤታቸው ከዳግ ባሮውማን ጋራ በቢ.ቢ.ሲ. ቀርበው ለጋዜጦች እውነቱን አለመናገራቸውን አመኑ፤ ለጋዜጣ መዋሸት ግን ወንጀል አይደለም አሉ። ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋው ትርፍ በአደራ ሒሳብ እንደ ተቀመጠ፣ እርሳቸውና ልጆቻቸውም አንድ ቀን ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ በዚያው ቃለ ምልልስ ተገለጠ። ብሔራዊው የወንጀል ምርመራ ድርጅት ከሜይ 2021 ጀምሮ ምርመራ ከፍቷል፤ ባልና ሚስቱ ግን አንዳች ጥፋት አልፈጸምንም ይላሉ። እኛም ወንጀለኛ ናቸው አላልንም፤ ያንን የሚለው ፍርድ ቤት ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። አንድ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ጥቅም ሊያገኙበት ለሚችሉት ንግድ ራሳቸው ጠቋሚ ሆነው ሲቀርቡ፣ በዚያ መስመር ላይ «ይህ ኩባንያ የማነው? አንቺስ ምን አለሽበት?» ብሎ አጥብቆ የጠየቀና መልሱን በመዝገብ ያሰፈረ ሰው አለመኖሩ ነው። ጥያቄው ዘበኛ ለእንግዳ የሚያቀርበው ዓይነት ቀላል ጥያቄ ነበር።

ጋውኖቹ ተሠርተው መጡ። ሚኒስቴሩ ከመረመራቸው በኋላ በዲሴምበር 2020 አልቀበልም አለ። ምክንያቱም የቀዶ ጥገና ጋውን ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት፤ መጽዳቱም በታወቀ አሠራር መረጋገጥ አለበት። ኩባንያው በበኩሉ ዕቃዬ ንጹሕ ነበር፤ መንግሥት ከሚፈልገው በላይ ገዝቶ ስለ ተጸጸተ ነው የሚከሰኝ፤ የተመረመሩትም ጋውኖች በመጋዘን ቆይተው የተበላሹ ናቸው ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ በጁን 2025 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሰማ። በኦክቶበር 1 ቀን 2025 ዳኛ ኮክሪል ኩባንያው ጋውኖቹ በተረጋገጠ አሠራር የጸዱ መሆናቸውን አላሳየምና ውሉን አፍርሷል፤ ወደ 122 ሚሊዮን ፓውንድ ይመልስ ብለው ፈረዱ። መንግሥት ለመጋዘን ኪራይ የጠየቀውን ግን አልፈቀዱለትም። ፍርዱ ስለ ውል ነው እንጂ ስለ ጓሮው በር አይደለም፤ ማን ማንን እንዳስተዋወቀ ዳኛዋ አልተጠየቁም፣ አልመለሱምም።

በእንግሊዝ አዲስ የግዥ ሕግ በ2023 ወጥቶ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ይሠራበታል። በዚህ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቱ ያለ ውድድር በቀጥታ ሊዋዋል ሲያስብ ከመፈረሙ በፊት ማስታወቂያ ማውጣት አለበት። ጥሩ ነው። የዚህ ማስታወቂያ ጥቅም የሚለካው ግን በሚቀጥለው እሳት ጊዜ፣ ሁሉም ሰው ባልዲ ባልዲ በሚልበት ሰዓት፣ ማስታወቂያውን ተቀምጦ የሚጽፍ ጸሐፊ ሲገኝ ነው።

ወደ ሜድፕሮ እንመለስና እንጨርስ። ዳኛዋ ፍርዳቸውን ባነበቡበት ዋዜማ ኩባንያው ወደ ኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ እንዲገባ ወረቀቱን አስገብቶ ነበር። በመጨረሻ ባቀረበው ሒሳብ በእጁ እንዳለ ያሳየው የተጣራ ሀብት 1 ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ገንዘቡ እንዲከፈል የተቈረጠው ቀን ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነበር። ቀኑ ሳይከፈል አለፈ።